ለጎጃም ልጅ ጫማ ከውጭ ሲገዙ

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቤሩት ወደ ደብረ ማርቆስ ከሚላኩ ስጦታዎች መካከል የልጅ ጫማን ያህል በፍቅር የሚገዛ፣ የልጅ ጫማን ያህልም እግር ላይ ሳይውል የሚቀር ጥቂት ነው። ሲደርስ ወይ ጠቦ ይገኛል፣ ወይ ሰፍቶ ይወልቃል፣ ወይ ደግሞ ነጭና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ «ለጥምቀት ይሁነው» ተብሎ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ይገባል። ጥምቀት ሲደርስ የልጁ እግር አድጓል። እስከዚያው ልጁ በተቀደደ ኮንጎ ወይም በባዶ እግሩ ጭቃ ሲረግጥ ከርሟል።

ይህን የምጽፈው ውጭ አገር ሆነው ለእህት ልጅ፣ ለወንድም ልጅ ወይም ለአያት አደራ ለሰጡት የራስዎ ልጅ ጫማ ለሚገዙት ለእርስዎ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ልጅ ጥሩ ጫማ ማለት በአዘቦት ቀን፣ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ የሚረገጥበት ጫማ ነው። ለፎቶ የሚያምረው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ አፈሩን ያስቡ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም ማለት ይቻላል። ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ፣ ወደ አማኑኤል፣ ወደ ሉማሜ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ገጠር ሲዘልቁ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግር መንገድ ነው። ዋልካ የሆነው ጥቁር መሬት ሲረጥብ ጫማን ይዞ ያስቀራል፤ ልጁ እግሩን ሲያነሣ ጫማው እዚያው ይቀራል፤ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ሶልም ከጣቱ በኩል አፉን ይከፍታል። ቀዩ አፈር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላማ አፈር በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች አሉት። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በቆዳ በኩል ይገባሉ፤ እግር ውስጥ ያሉትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳሉ፤ እግርም ያብጣል። ይህ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት የዝሆኔ ዓይነት ነው። በትንኝ ንክሻ ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ መሆኑንና መንስኤው አፈሩ መሆኑን በኢትዮጵያ ለዓመታት የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር በምርምሩ ያሳየው። በአገራችን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖሩ ይገመታል፤ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃምም በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የታተመ ጥናት፣ ለታመሙ ሰዎች እንኳ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳን ማለስለስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ትኩሳትና ቁስለት ያለበትን የሕመሙን ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአንዳንድ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚታየው ለአፈሩ በቀላሉ የሚጎዳ ተፈጥሮ በዘር ስለሚወረስ ነው። እንግዲህ አያትዎ ወይም አጎትዎ እግራቸው ያበጠ ከሆነ፣ የዚያ ቤት ልጆች ከማንም በፊት ጫማ ያስፈልጋቸዋል። ሕፃን ሳለ ምንም ምልክት አይታይም፤ እብጠቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከጉርምስና ወዲህ ነው፤ መከላከሉ ግን ልጁ መሬት ከረገጠበት ቀን ይጀምራል። ጫማ የሚከላከለው ይህን በሽታ ብቻ አይደለም፤ የመንጠቆ ትል የሚባለው የአንጀት ትልም የሚገባው በባዶ እግር ቆዳ በኩል ነው።

ከዚህ አንድ የመግዣ ደንብ ይወጣል። ጫማው እግርን ሙሉ በሙሉ ይሸፍን። ሸበጥ፣ ነጠላ ጫማ፣ በረባሶ እሾህና ድንጋይ ይከላከሉ ይሆናል እንጂ አፈር አይከለክሉም። ክሮክስ የሚባለው ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነው ጫማም ለደጅ መውጫ አይሆንም፤ ለቤት ውስጥና ለመታጠቢያ ይበቃል።

ለማን ነው የሚገዙት?

ከገንዘቡ በፊት ይህን ይመልሱ። ብዙ ጊዜ ጫማ የሚላከው ስልክ ላይ ቀርቦ «ጋሼ፣ ጫማ ላክልኝ» ላለው፣ ከተማ ለሚማረው ልጅ ነው። ከብት የሚጠብቀው ታናሽ ወንድሙ፣ ውኃ የምትቀዳውና እንጨት የምትለቅመው እህቱ፣ ወይም ቤት ውስጥ አብራ የምታድገው የዘመድ ልጅ ስልክ ላይ አይቀርቡም። ከአፈሩ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ግን እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሲደውሉ «ቤቱ ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ማን በባዶ እግሩ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ለአንድ ልጅ ውድ ስኒከር ከመግዛት፣ በዚያው ብር ለሦስት ልጆች ጠንካራና ቀላል ጫማ መግዛት ይሻላል። በዚህ አልደራደርም።

አለካክ

«ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው?» ብለው አይጠይቁ። የሚሰጥዎት መልስ ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ የተገዛው ጫማ ቁጥር ነው፤ ያም ጫማ ልኩ ላይሆን ይችላል። የሚጠየቀው የእግሩ ርዝመት በሴንቲሜትር ነው። ቤት ውስጥ ማስመሪያ ያለው ተማሪ ስለማይጠፋ ሥራውን ለትልቁ ልጅ ይስጡት።

እንዲህ ብለው ያስረዱት፦ ከሰዓት በኋላ ይሁን፤ እግር ቀኑን ሲውል ትንሽ ያብጣልና። የደብተር ወረቀት ሊሾና ደረቅ በሆነ ወለል ላይ ይነጠፍ፤ ወለሉ አፈር ከሆነ ሰሌዳ ወይም ሣንቃ ሥሩ ይግባ። ልጁ ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ተቀምጦ ከተለካ እግሩ አጥሮ ይታያል። እርሳሱ ሳይጋደም ቀጥ ብሎ ተይዞ ዙሪያው ይሠመር። ከዚያ ከተረከዙ ጫፍ እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ ይለካ፤ ረጅሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱም እግር ይለካል፤ የሚገዛው ለትልቁ ነው።

ወርዱንም ያስለኩ፤ ከአውራ ጣት ሥር ካለው ጉብታ እስከ ትንሿ ጣት ጎን። ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩ የኖረ ልጅ ጣቶቹ ዘርዘር ያሉ፣ የእግሩ ፊት ሰፋ ያለ ነው። ርዝመቱ ልክ ሆኖ በጎን የሚቆነጥጥ ጫማ የሚገጥመው በዚህ ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰፊ ማለትም «ዋይድ» ተብሎ የሚሸጥ የልጅ ጫማ አለ፤ ሌላ ቦታ ካሉ አፍንጫው ክብና ሰፊ የሆነውን ይምረጡ።

ሥዕሉን በቴሌግራም ሲልኩልዎ ማስመሪያው አብሮ ይታይ፤ ፎቶው ከላይ ቀጥ ብሎ ይነሣ። ቁጥሩንም በጽሑፍ ይጨምሩበት፤ ፎቶ ብቻውን ርዝመት ያዛባል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ደግሞ የቀደመው ዘዴ አሁንም ይሠራል፦ አባት ገበያ ሲወጣ የልጁን እግር በክር ወይም በስንጥር ለክቶ ይዞ ይሄዳል። ያችን ክር ከተማ ያለ ዘመድ በማስመሪያ ይለካትና በስልክ ይንገርዎ።

ሴንቲሜትሩን ወደ ቁጥር መለወጥ

አገር ቤት ገበያ ላይ የለመድነው 28፣ 30፣ 36 የሚለው የአውሮፓ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በእግሩ ርዝመት ላይ መተንፈሻ የሚሆን 1.5 ሴንቲሜትር ይጨምሩ፤ ውጤቱን በ1.5 ያባዙ። የልጁ እግር 18 ሴንቲሜትር ከሆነ 19.5 ይሆናል፤ በ1.5 ሲባዛ 29 ከሩብ ይመጣል።

ጫማው ግን ዛሬ እግሩ ላይ አይገባም። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ እግር በዓመት 1 ሴንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ ከ3 ዓመት በታች ያለው ከዚህም ይፈጥናል። ተጓዥ እስኪገኝ፣ ሻንጣው አዲስ አበባ ደርሶ ዓባይን እስኪሻገር ወራት ሊያልፉ ይችላሉ፤ በነዚህ ዓመታት እንዳየነው መንገድ ሲዘጋና ስልክ ሲቋረጥ ደግሞ ከዚያም በላይ። ስለዚህ በ1.5 ፈንታ 2 ሴንቲሜትር ይጨምሩ፦ 18 ሲደመር 2፣ በ1.5 ሲባዛ 30። ከዚህ በላይ «ይደግበታል» ብለው ሁለትና ሦስት ቁጥር አይዝለሉ። የሰፋ ጫማ ጭቃ ላይ ይወልቃል፣ ተረከዝ ይልጣል፣ ልጁን ያደናቅፋል፤ የሚያደናቅፈውን ጫማ ልጅ በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው።

አሜሪካና እንግሊዝ ላሉ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እዚያ የልጆች ቁጥር 13 ላይ ያበቃና እንደገና ከ1 ይጀምራል። ስለዚህ 1 ቁጥር ጫማ የሕፃንም፣ የሰባት ዓመት ልጅም ሊሆን ይችላል። የአውሮፓው 30 ቁጥር በአሜሪካ ወደ 12፣ በእንግሊዝ ወደ 11 ተኩል ነው፤ ነገር ግን ፋብሪካው በተለወጠ ቁጥር ይለያያል። ዱባይና ጂዳ ገበያ ላይ ሦስቱም ዓይነት ቁጥር ተደባልቆ ይገኛል። በካርቶኑ ጎን ላይ በሴንቲሜትር ወይም በሚሊሜትር የተጻፈ ካለ እሱን ይመኑ።

ከሁሉ የሚሻለው ግን የእግሩን ሥዕል በካርቶን ላይ ቆርጦ ይዞ መሄድ ነው። ሶሌታው የሚወጣ ከሆነ አውጥተው ሥዕሉን ላዩ ላይ ያስቀምጡ። ከረጅሙ ጣት ፊት ለፊት የአውራ ጣትዎ ወርድ ያህል ቦታ ከተረፈና ጎንና ጎኑ ሥዕሉ ካልወጣ ልኩ ነው።

ሱቅ ውስጥ

ጫማውን በሁለት እጅ ይያዙና ይጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች የሚታጠፉበት ቦታ ላይ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ጨርቅ ከተጣጠፈ ደካማ ነው፤ ጭራሽ አልታጠፍ ካለም ልጁ ሊራመድበት አይችልም። ሲያጥፉት ከሶሉና ከላዩ መጋጠሚያ ላይ ክፍተት ከታየ ወይም የደረቀ ማስቲሽ ከተሰነጠቀ ይመልሱት። ከኋላ ተረከዝ የሚያቅፈውን ክፍል በአውራ ጣት ጫን ይበሉት፤ መልሶ መቆም አለበት። እጅዎን ውስጡ ያስገቡ፤ የሚቆረቁር ስፌት፣ የተላጠ ገበር ካለ ጣቶችዎ ያገኙታል።

ሶሉ ጎማ ይሁን፤ ጎማው ጥርስ ይኑረው፤ ጥርሱ ግን ጭቃ እንዳይዝ ራቅ ራቅ ያለ ይሁን። ስፖንጅ የመሰለው ቀላል ሶል ለአስፋልት ይመቻል፣ ድንጋያማ መንገድ ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፤ ከሁሉም የከፋው ደግሞ የጫማ ሰፊን ክር አለመያዙ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ ጫማ ሰፊ በወስፌው የማያድነው ጫማ ጥቂት ነው። እርስዎም ሲገዙ የእሱን ሥራ አስበው ይግዙ፦ ስፌት የሚይዝ ጎማ፣ ስፌት የሚይዝ ቆዳ።

የላዩ ክፍል እውነተኛ ቆዳ ቢሆን ይመረጣል። ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ለጥቂት ወራት ያምራል፤ ከዚያ ይላጣል፣ የተላጠ ደግሞ አይጠገንም። ሸራ ጫማ ለበጋ ጥሩ ነው፤ ታጥቦ ቶሎ ይደርቃል፤ በክረምት ግን ውኃ ጠጥቶ ይውላል። መብራት የሚያበራ ሶል ያለውን ይተዉት፤ ልጅ ይወደዋል፣ ነገር ግን ባትሪ ያለው ጫማ እንደ ልብ አይታጠብም። ተለጣፊ ማሰሪያ ጭቃ ሲገባበት መያዙን ያቆማል፤ ከ6 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ክር ያለው ይሻላል፤ ትርፍ ክርም አብሮ ይግባ። ቀለሙ ጥቁር ወይም ቡናማ ይሁን። ነጭ ጫማ ቀይ አፈር አንዴ ከነካው አይመለስም፤ እናትም ይህን ስለምታውቅ ነው አልጋ ሥር የምትከተው።

የበረዶ ቡትስ በውጭ አገር የብርዱ ወቅት ሲያልቅ በቅናሽ ስለሚሸጥ ብዙ ሰው ይገዛዋል። ውስጡ ያለው ወፍራም ገበር አንዴ ከረጠበ በሐምሌ ሰማይ ሥር የሚደርቅበት ቀን የለም። ገበር የሌለው የዝናብ ቦቲ ግን ጥሩ ስጦታ ነው፤ ከሰኔ በፊት እንዲደርስ በመጋቢት ይግዙት። ከቦቲው ጋር ቢያንስ ሦስት ጥንድ የጥጥ ካልሲ ያስገቡ። ጎማ ውስጥ እግር ያልበዋል፤ ካልሲ የሌለው ቦቲ በጣቶች መካከል ቁስል ያመጣል።

ስለ ሰልባጅ ከጠየቁኝ፣ የጠነከረ የቆዳ ጫማ ከሆነ አልከለክልም። ተረከዙን ገልብጠው ይዩ፤ በአንድ ጎን ተበልቶ ካለቀ የሌላውን ልጅ አረማመድ ለእርስዎ ልጅ ያወርሰዋል፤ አይግዙት።

መላክ ወይስ ገንዘብ?

ሁልጊዜ ጫማ መላክ ይሻላል ብዬ አላምንም። ቦቲና የቆዳ ጫማ አገር ቤት ይገኛል። የኢትዮጵያ ቆዳ የታወቀ ነው፤ ከአንበሳ ጫማ ጀምሮ እስከ መርካቶ ትናንሽ ወርክሾፖች ድረስ የሚሠራው የቆዳ ጫማ ሲበላሽ ይሰፋል፣ ሶል ይቀየርለታል። ልጁ ራሱ ሱቅ ሄዶ፣ አጥልቆ፣ ተራምዶ የሚገዛው ጫማ ልክ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስለዚህ ተጓዥ ካላገኙ ወይም መንገዱ ካስፈራ ገንዘቡን ይላኩ፤ ነገር ግን «ለጫማ» ብለው ለይተው፣ የልጆቹን ስም ጠርተው፣ ከላይ ያለውን የአመራረጥ ዘዴ ለሚገዛው ሰው አስረድተው ይላኩ። እርስዎ ጋ ያለው ዋጋና ጥራት ከተሻለ፣ በተለይ ለትናንሾቹ ቁጥሮች፣ ከውጭ ይግዙ። ካርቶኑን ይጣሉት፤ ካልሲውንና ክሩን ጫማው ውስጥ ይክተቱ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ የልጁን ስም ይጻፉ። ሻንጣው ሲከፈት ትልቁ ልጅ የትንሹን እንዳይወስድ ይህ ይረዳል።

ሲልኩም ጊዜውን ያስቡ። ለትምህርት መክፈቻ የሚሆነው በነሐሴ አጋማሽ ደብረ ማርቆስ መድረስ አለበት።

ከደረሰ በኋላ

«ልክ ሆነው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ «ልክ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ነው። ስጦታ ላይ ነቀፋ ማንሣት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ቢጠበውም ልክ ነው ይባላል። ስለዚህ ልጁን ራሱን አቅርበው «ጣቶችህ ይንቀሳቀሳሉ? ተረከዝህን ይልጥሃል?» ብለው ይጠይቁት። ካልሆነው ለታናሹ ወይም ለጎረቤት ልጅ ይሰጥ ይበሉ፤ እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አይሰጠውም።

ሁለተኛው ፈቃድ የበለጠ ይጠቅማል፦ «ለአዘቦት ያድርገው፤ ቢበላሽ ሌላ አለ» ይበሏቸው። በዚህ ምክንያት ነው አንድ ውድ ከመግዛት ሁለት መጠነኛ ጫማ የምመርጠው። አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይደረጋል፤ አንዱም ለዓውደ ዓመት ይተርፋል።

ሶሉ በማስቲሽ ብቻ የተያያዘ ከሆነ፣ ገና አዲስ ሳለ ሰፊ ጋ ወስደው ዙሪያውን ያሰፉት። ብዙ ሰው አገር ቤት የሚያደርገው ነው፤ ዋጋው ትንሽ፣ የሚጨምረው ዕድሜ ግን ብዙ ነው። የረጠበ ጫማ ምድጃ ዳር አይቀመጥ፤ እሳት ቆዳውን ያሰነጥቃል፣ ማስቲሹንም ያቀልጣል። ጭቃው ታጥቦ፣ ደረቅ ገለባ ወይም ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ይደር። የቆዳ ጫማ ሲደርቅ ቀለም ወይም ቫዝሊን ይቀባ።

ከጫማው እኩል የሚያስፈልገው ሳሙና ነው። አፈር የገባበት ጫማ አፈሩን ከቆዳው ጋር አጣብቆ ያውላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ እግር ይታጠብ፣ በጣቶች መካከል ይደረቅ። ልጁ እግሩን ዘወትር የሚያሳክከው፣ የሚያቃጥለው ወይም ላዩ የሚያብጥ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። መጀመሪያ ላይ ያለ እብጠት በመታጠብና በጫማ ሊመለስ ይችላል፤ ሲቆይ ግን ይከብዳል።

የፊታችን እሑድ ቤተሰብ ጋ ሲደውሉ፣ ከሰላምታው በኋላ የእያንዳንዱን ልጅ እግር ርዝመት በሴንቲሜትር ይጠይቁና ይጻፉት። ስልክ ላይ ያልቀረቡትንም ልጆች ጨምረው።